የማይናገረው ታማሚ፦ የአንጎል ፕሮቲኖች፣ የቤተ ሙከራ አይጦችና የድባቴ ሕክምና ታሪክ

መግቢያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ብሂሉ የሚነገረው አንደበት ላለው ታማሚ ነው፤ የሚሰማውን መናገር እየቻለ በሐፍረት ወይም በፍርሃት ዝም ላለ ሰው የተሰነዘረ ምክር ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በጭንቀትና በድባቴ ላይ በተካሄደው ምርምር ግን ትልቁን ሸክም የተሸከመው ጨርሶ መናገር የማይችል ፍጡር ነው፤ ክብደቱ ከሃያ እስከ ሠላሳ ግራም የሚደርስ የቤተ ሙከራ አይጥ። አይጥ አዝኛለሁ አይልም፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ተስፋ ቆረጥሁ፣ መኖር ሰለቸኝ ብሎ አያማርርም። ተመራማሪው ማድረግ የሚችለው እንስሳው የሚሠራውን መመልከት፣ ጊዜውን በሰዓት መለካትና ከዚያ ተነሥቶ ስለ ውስጡ መገመት ብቻ ነው።

በዚህ ግምት ላይ ተመሥርቶ ሰፊ የዕውቀት ዘርፍ ተገንብቷል። በአንጎል ውስጥ ያሉ የተለያዩ ፕሮቲኖች፣ ማለትም ተቀባዮች፣ አጓጓዦች፣ ኢንዛይሞችና የነርቭ ማሳደጊያዎች፣ አንዱ ሲጎድል ወይም ሲበዛ የእንስሳው ባሕርይ እንዴት እንደሚለወጥ ታውቋል። ከዚህ ዕውቀት የፈለቁ አንዳንድ ተስፋዎች ለታማሚዎች ደርሰዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ በመንገድ ቀርተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ መዳሰስ ነው። ጉዳዩ የተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። በጤና ጣቢያ ተቀምጦ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን የሚያዝ ባለሙያ «ይህ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው። መልሱ ትክክል ሊሆን የሚችለው ደግሞ አይጧ ያስተማረችው የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ ሲታወቅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የታማሚው አልጋ ነበር

የመጀመሪያዎቹ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ከአይጥ ጥናት አልተገኙም። በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው የሲ ቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ኢፕሮኒያዚድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ይሰጣቸው ጀመር። ሐኪሞቹ የጠበቁት የሳንባው ቁስል እንዲሽር ነበር። ሆኖም ከዚህ ሌላ ያልታሰበ ነገር ተመለከቱ፤ ለወራት ከአልጋቸው ሳይነሡ የቆዩ ታማሚዎች የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፣ ተጫዋቾች ሆኑ፣ አንዳንዶቹም በመተላለፊያው ሲጨፍሩ ታዩ። በዚያው ዓመት ተመራማሪው አልበርት ዜለር ይህ መድኃኒት ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም እንደሚገታ አረጋገጠ። ይህ ኢንዛይም እንደ ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን ያሉትን የነርቭ መልእክተኞች የሚሰባብር ፕሮቲን ነው። በ1957 የአእምሮ ሐኪሙ ኔታን ክላይንና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ ለድባቴ እንደሚጠቅም ሪፖርት አቀረቡ። ይሁን እንጂ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ1961 በአሜሪካ ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ።

በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ ሙንስተርሊንገን በተባለ ስፍራ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም ጋይጊ ከተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ የተላከለትን አንድ ቅመም ይሞክር ነበር። ቅመሙ የታሰበው ለስኪዞፍሬንያ ነበር፤ ነገር ግን ለእነዚህ ታማሚዎች አልረዳቸውም። ኩን በ1956 መጀመሪያ ላይ በከባድ ድባቴ ለተያዙ ታማሚዎች ሲሰጠው ግን መንፈሳቸው ሲታደስ ተመለከተ። በ1957 በዙሪክ በተካሄደው የዓለም የሥነ አእምሮ ጉባኤ ላይ ግኝቱን ሲያቀርብ የሰሙት አድማጮች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ያ ቅመም ኢሚፕራሚን ነው፤ ዛሬ በጤና ተቋሞቻችን በስፋት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው።

የዚህ ግኝት ታሪክ ጥላ ያረፈበት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በ2019 ይፋ የሆነ የታሪክ ምርመራ እንዳሳየው በዚያ ሆስፒታል በርካታ ታማሚዎች በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸውና ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ያልጸደቁ ቅመሞች ይሰጧቸው ነበር። በንግግራቸውና በገጽታቸው የፀረ ድባቴ መድኃኒትን መኖር ለዓለም ያሳወቁት ታማሚዎች የሚገባቸውን ክብር ሁልጊዜ አላገኙም።

ከመድኃኒቱ ወደ ፕሮቲኑ

መድኃኒቶቹ ከተገኙ በኋላ የተከተለው ጥያቄ «እንዴት ይሠራሉ?» የሚል ነበር። በ1961 ጁሊየስ አክስልሮድና ባልደረቦቹ ኢሚፕራሚን ኖርአድሬናሊን ወደ ነርቭ ጫፍ ተመልሶ እንዳይገባ እንደሚያግድ በእንስሳት ላይ ባደረጉት ጥናት አሳዩ። እስከዚያ ድረስ የነርቭ መልእክተኛ ሥራውን ሲጨርስ የሚወገደው በኢንዛይም ተሰባብሮ ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። አክስልሮድ ግን የለቀቀው ነርቭ ራሱ መልሶ እንደሚወስደው አስረዳ። ለነርቭ መልእክተኞች ባደረገው ጥናት በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

መልእክተኛውን መልሶ የሚያስገባው «በር» ራሱ ፕሮቲን ነው። ለኖርአድሬናሊን አንድ፣ ለሴሮቶኒን ሌላ አጓጓዥ ፕሮቲን አለ። መድኃኒቱ በሩን ሲዘጋ መልእክተኛው በነርቮች መካከል ባለው ክፍተት ይበዛል። በ1965 ጆሴፍ ሺልድክራውት ከዚህ ተነሥቶ ድባቴ ከኖርአድሬናሊን ማነስ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል መላ ምት አቀረበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእንግሊዝ አሌክ ኮፐን ትኩረቱን ወደ ሴሮቶኒን አዞረ። የሴሮቶኒንን በር ብቻ መርጦ የሚዘጋው ፍሉኦክሰቲን በ1974 በሳይንሳዊ መጽሔት ተገልጾ በ1987 መጨረሻ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

ገና ከጅምሩ ግን አንድ የማይገጥም ነገር ነበር። መድኃኒቱ በሩን የሚዘጋው በሰዓታት ውስጥ ሲሆን ታማሚው የሚሻለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የተዋጠው ኪኒን ነገ ውጤቱ በታየ ነበር። ይህ የሳምንታት ክፍተት የቀጣዮቹን ዐሥርት ዓመታት ምርምር ያነሣሣ እንቆቅልሽ ሆነ።

ስሜትን በሰዓት መለካት

ፋብሪካዎች አዳዲስ መድኃኒቶችን በፍጥነት ለመለየት የሚያስችል የእንስሳት መፈተኛ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1977 በፓሪስ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሮጀር ፖርሶልትና ባልደረቦቹ ቀላል ዘዴ ይዘው ቀረቡ። አይጥ ውኃ በተሞላና መውጫ በሌለው ረጅም የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ ለማምለጥ በብርቱ ትዋኛለች፤ ቆይታ ግን አፍንጫዋን ከውኃው በላይ ለማቆየት ብቻ እየተንቀሳቀሰች ትንሳፈፋለች። ሙከራው ለአይጥ በተለምዶ ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ያለ እንቅስቃሴ የቆየችበት ጊዜ ይለካል። ፀረ ድባቴ መድኃኒት የተሰጣት አይጥ ብዙውን ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ትታገላለች። ፖርሶልት መንሳፈፏን የተስፋ መቁረጥ ምልክት አድርጎ ተረጎመው። በ1985 ደግሞ አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ የትግሏን ጊዜ የሚለካ ተመሳሳይ ፈተና ተጨመረ።

ጭንቀትን ለመለካት ሌላ መንገድ ተቀየሰ። አይጥ በተፈጥሮዋ ገላጣና ከፍ ያለ ቦታ ትፈራለች፤ አዲስ ስፍራ መመርመርም ትወዳለች። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተስፋፋው የመስቀል ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ይህን የፍርሃትና የጉጉት ግጭት ይጠቀማል። ከመሬት ከፍ ብሎ ከተሠራው መስቀል ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ግን ግራና ቀኛቸው ገደል ነው። እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት የወሰደች አይጥ ገላጣዎቹን ክንዶች ደፍራ ትጎበኛለች፤ የተጨነቀች ግን ከግድግዳው አትርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ለውጥ መከሰቱን ማስተዋል ያሻል። ፈተናዎቹ በመጀመሪያ ያገለገሉት መድኃኒትን ለመለየት ነበር። ቀስ በቀስ ግን የበሽታው መለኪያ ተደርገው መወሰድ ጀመሩ። ውኃው ላይ ቶሎ የተንሳፈፈች አይጥ «ድባቴ ያለባት» ተባለች። ዛሬ በርካታ ተመራማሪዎች ይህን ትርጉም አይቀበሉትም፤ መውጫ እንደሌለ ተረድቶ ጉልበትን መቆጠብ ከተስፋ መቁረጥ ይልቅ ብልህነት ሊሆን ይችላል ይላሉ። ጠንቃቃ ጽሑፎች «ድባቴ» ከማለት ይልቅ «ድባቴ መሰል ባሕርይ» የሚለውን አነጋገር የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮቲኑ የጎደላቸው አይጦች

ከ1989 ጀምሮ ሳይንቲስቶች አንድን ጂን መርጠው ያጠፉባቸውን አይጦች ማስወለድ ቻሉ። ጂኑ ሲጠፋ በእርሱ ትእዛዝ የሚሠራው ፕሮቲንም ይጠፋል። ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስ ለዚህ ዘዴ በ2007 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቀድሞ ጥያቄው «ይህ መድኃኒት የትኛውን ፕሮቲን ይነካል?» ነበር፤ አሁን «ይህ ፕሮቲን ባይኖር ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ።

1998 በዚህ ረገድ ታላቅ ዓመት ነበር። ሦስት ልዩ ልዩ የምርምር ቡድኖች የሴሮቶኒን 1ኤ ተቀባይ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸውን አይጦች ፈጥረው ውጤታቸውን አሳተሙ። በሦስቱም ቤተ ሙከራዎች አይጦቹ ከተለመዱት ይልቅ ፈሪዎችና ተጨናቂዎች ሆኑ። በዚያው ዓመት ሁለት ቡድኖች የጭንቀት ጊዜ ሆርሞኖችን የሚያስነሣው ሲአርኤፍ የተባለ መልእክተኛ የሚያርፍበትን ዋና ተቀባይ አጠፉ። ሲአርኤፍን በ1981 ከበግ አንጎል ለይቶ ያወጣው የዋይሊ ቬል ቡድን ነው። ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ከቀደሙት በተቃራኒ ድፍረታቸው ጨመረ፤ ገላጣውን ክንድ አልፈሩም። አንድ ፕሮቲን ፍርሃትን የሚገታ፣ ሌላው የሚያነሣሣ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

የሴሮቶኒን አጓጓዥ የሌላቸው አይጦች ግን ሁሉንም ግራ አጋቡ። ፍሉኦክሰቲን የሚሠራው ይህን ፕሮቲን በመዝጋት ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ ከልደት ጀምሮ የሌላት አይጥ ዕድሜ ልኳን ፍሉኦክሰቲን እንደወሰደች ያህል መረጋጋት ይጠበቅባት ነበር። የታየው ተቃራኒው ነው፤ እነዚህ አይጦች ይበልጥ ተጨናቂዎች ሆኑ።

ለዚህ እንቆቅልሽ ፍንጭ የሰጡት ከኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት ጥናቶች ናቸው። በ2002 የሬኔ ሄን ቡድን የሴሮቶኒን 1ኤ ተቀባይን በፈለገው ጊዜና በፈለገው የአንጎል ክፍል የሚያበራና የሚያጠፋ ዘዴ ተጠቀመ። ተቀባዩ በልጅነት ጊዜ በፊተኛው የአንጎል ክፍል ካለ አይጧ የተረጋጋች ሆና ታድጋለች፤ ካደገች በኋላ ቢጠፋም ጭንቀቱ አይመጣም። በ2004 ደግሞ አንሶርጅና ባልደረቦቹ ገና የተወለዱ ጤናማ አይጦች ለጥቂት ሳምንታት ፍሉኦክሰቲን ቢሰጣቸው ሲያድጉ የስሜት መዛባት የሚመስል ባሕርይ እንደሚያሳዩ ገለጹ። እንግዲህ የአንድ ፕሮቲን ሥራ በዕድሜ ይወሰናል፤ ለአዋቂ ፈውስ የሆነው በመገንባት ላይ ላለ አንጎል ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ይህ ውጤት እርጉዝ እናቶችን ለሚከታተል ባለሙያ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ይሁንና ከአይጥ ወደ ሰው በቀጥታ መሻገር አይገባም። ያልታከመ ድባቴም እናትንና ሕፃንን የሚጎዳ በመሆኑ ውሳኔው ጉዳትንና ጥቅምን ከእናቲቱ ጋር መዝኖ የሚሰጥ እንጂ በአንድ የአይጥ ጥናት የሚቆረጥ አይደለም።

አንድ ፕሮቲን፣ ሁለት ፊት

የሳምንታቱን ክፍተት ሊፈታ ይችላል ተብሎ የታመነበት ሌላው ፕሮቲን ቢዲኤንኤፍ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የነርቭ ማሳደጊያ ነው። ይህን ፕሮቲን ኢቭ አላን ባርድና ባልደረቦቹ በ1982 ከአሳማ አንጎል አጥርተው አወጡት። በ1995 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ውጥረት በቤተ ሙከራ እንስሳት ሂፖካምፐስ ውስጥ የዚህን ፕሮቲን መመረት ይቀንሳል፤ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ለሳምንታት ሲሰጥ ደግሞ ይጨምራል። መድኃኒቱ መልእክተኛውን ወዲያው ቢያበዛውም የነርቭ ሴሎችን ቅርንጫፍ ማደስና አዲስ ግንኙነት መፍጠር ጊዜ ይወስዳል የሚል አሳማኝ ማብራሪያ ተገኘ።

በ2006 ሁለት ጥናቶች ምስሉን አወሳሰቡት። አንደኛው በሰዎች ዘንድ የሚገኝን የቢዲኤንኤፍ ጂን ልዩነት በአይጦች ውስጥ ያስገባ ነበር። እነዚህ አይጦች አስጨናቂ ሁኔታ ሲገጥማቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ተጨነቁ፤ ፍሉኦክሰቲንም ጭንቀታቸውን አላስወገደላቸውም። ሁለተኛው በኤሪክ ኔስለር ቤተ ሙከራ የተካሄደ ነው። አንዲት ትንሽ አይጥ ለዐሥር ቀናት በየዕለቱ በትልቅና ቁጡ አይጥ እንድትጠቃ ከተደረገ ከዚያ በኋላ ከሌሎች አይጦች ትሸሻለች። አንድ ቀን ብቻ የተሰጠ መድኃኒት አይመልሳትም፤ ለሳምንታት የተሰጠ ግን ይመልሳታል። ይህ ከሰው ልምድ ጋር የሚቀራረብ ነበር። አስገራሚው ሌላው ነው፤ ከመካከለኛው አንጎል ተነሥቶ ደስታንና ሽልማትን በሚያስተላልፈው የነርቭ መንገድ ላይ ቢዲኤንኤፍ ሲወገድ የተጠቃችው አይጥ መሸሿን ተወች። በሂፖካምፐስ የሚረዳው ፕሮቲን እዚህ ስፍራ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት የፖል ግሪንጋርድ ቡድን ፒ11 ስለተባለ ፕሮቲን ያቀረበው ጥናትም ትኩረት ስቧል። ፒ11 የሴሮቶኒን 1ቢ ተቀባይን ወደ ሴሉ ወለል የሚያደርስ ረዳት ነው። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ድባቴ መሰል ባሕርይ አሳዩ፤ በድባቴ ታመው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥም መጠኑ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሴሮቶኒን መጠን የተሟላ ቢሆን እንኳ የሚቀበለው ፕሮቲን በቦታው ካልተገኘ መልእክቱ ሰሚ ያጣል ማለት ነው።

ከቤተ ሙከራው ወደ ታማሚው፦ ያልሰመሩ ተስፋዎች

እነዚህ ግኝቶች ለሕክምና ትልቅ ተስፋ ሰጥተው ነበር። የሲአርኤፍን ተቀባይ የሚዘጉ መድኃኒቶች ተሠርተው በሰዎች ላይ ተሞከሩ። በ2000 የታተመ አነስተኛ ጥናት ጥሩ ምልክት አሳየ። ነገር ግን በ2008 በወጣ የተቆጣጠረ ጥናት ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ከማስመሰያ ኪኒን የተሻለ ውጤት አላመጣም፤ የተከተሉትም ሙከራዎች የድባቴ መድኃኒት አላስገኙም። በአይጥ ላይ ያን ያህል ግልጽ የነበረው ነገር በሰው ላይ ደበዘዘ።

በጂን ጥናት መስክም ተመሳሳይ ነገር ተከሰተ። በ2003 በኒውዚላንድ ደነዲን ከተማ ከልደታቸው ጀምሮ ክትትል በተደረገላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት የሴሮቶኒን አጓጓዥ ጂን አጭሩ ዓይነት ያላቸው ሰዎች የሕይወት መከራ ሲደርስባቸው በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው እንደሚጨምር ገለጸ። ግኝቱ በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ። ነገር ግን በ2009 ዐሥራ አራት ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ግንኙነቱን ሊያረጋግጥ አልቻለም፤ መከራው ራሱ ግን ድባቴን እንደሚያስከትል አጸና። በ2019 ደግሞ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ላይ የተደረገ ምርመራ የአጓጓዡንና የቢዲኤንኤፍን ጂን ጨምሮ ለዓመታት ከተጠኑት ዐሥራ ስምንት ጂኖች አንዱም የተለየ ድርሻ እንደሌለው አሳየ። ዛሬ የሚታወቀው በድባቴ ውስጥ እያንዳንዳቸው ኢምንት ተጽዕኖ ያላቸው እጅግ ብዙ ጂኖች መሳተፋቸው ነው።

ለምን ከሸፈ? አንዱ መልስ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 ተሰጥቶ ነበር። ጆን ክራብና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ዝርያ ያላቸውን አይጦች በሦስት ከተሞች፣ በኦልባኒ፣ በኤድመንተንና በፖርትላንድ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያና በአንድ ዓይነት ሥርዓት ፈተኑ። ሁሉንም ነገር ለማመሳሰል ከፍተኛ ጥረት ቢደረግም በአንዳንድ ፈተናዎች፣ በተለይም በመስቀሉ መተላለፊያ፣ ውጤቱ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ተለያየ። የአይጥ ጭንቀት ከጂንዋ በተጨማሪ በምትኖርበት ቤትና በሚይዛት ሰው እጅ የሚወሰን ሆኖ ተገኘ።

ሌላው መልስ የተመረጠችው አይጥ ማንነት ነው። በ2011 የወጣ ቅኝት እንደገለጸው በነርቭ ሳይንስ ጥናቶች ውስጥ በወንድ እንስሳት ብቻ የተሠሩት በሴቶች ብቻ ከተሠሩት ከአምስት እጥፍ በላይ ነበሩ። በድባቴ የሚጠቁት ሴቶች ግን ከወንዶች ሁለት እጥፍ ያህል ናቸው። ይህን ለማረም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ2016 ጀምሮ ተመራማሪዎች ፆታን በጥናታቸው እንዲያካትቱ ይጠይቃሉ።

ከታማሚው ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ታማሚው

ታሪኩ በክሽፈት አያበቃም። በ2000 በአሜሪካ በጥቂት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ለማደንዘዣነት የሚታወቀው ኬታሚን በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ድባቴን በሰዓታት ውስጥ እንደሚያቀል ታየ፤ በ2006 ሌላ ጥናት ይህንኑ ደገመ። የኦፕራሲዮን ክፍል ባለሙያዎች ለዐሥርት ዓመታት የያዙት መድኃኒት አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜም ቀድሞ የተናገረው ታማሚው ነው፤ አይጧ የተጠራችው ምክንያቱን ለማስረዳት ነበር። በ2010 እና በ2011 በእንስሳት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ኬታሚን በነርቭ ሴሎች መካከል አዳዲስ ግንኙነቶች በፍጥነት እንዲፈጠሩ እንደሚያደርግ፣ ቢዲኤንኤፍ የሌላቸው አይጦችም ለመድኃኒቱ ምላሽ እንደማይሰጡ አመለከቱ። ከኬታሚን የተገኘው ኤስኬታሚን በ2019 በአሜሪካ ሌሎች መድኃኒቶች ላልረዷቸው ታማሚዎች በባለሙያ ቁጥጥር ሥር እንዲሰጥ ተፈቅዷል።

በ2021 ደግሞ በፊንላንድ የኤሮ ካስትሬን ቡድን ፍሉኦክሰቲን፣ ኢሚፕራሚንና ኬታሚን ቢዲኤንኤፍ የሚያርፍበትን ትርክ-ቢ የተባለ ተቀባይ በቀጥታ እንደሚነኩ ዘገበ። ተቀባዩ በአንዲት ነጥብ ላይ የተለወጠባቸው አይጦች መድኃኒቶቹ አልሠሩላቸውም። ይህ ሐሳብ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች መፈተኑን የሚሻ ቢሆንም በ1956 በሙንስተርሊንገን የታየው ፈውስ ዛሬም አዲስ ትርጓሜ እያገኘ መሆኑን ያመለክታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው ቁም ነገር ምንድን ነው? የአይጥ ጥናት እንዳስተማረው የአንድ ፕሮቲን ትርጉም የሚወሰነው በዕድሜ፣ በአንጎሉ ክፍልና እንስሳው በደረሰበት መከራ ነው። ስለዚህ ታማሚን «አንጎልህ ውስጥ ሴሮቶኒን ጎድሏል፣ ኪኒኑ ይሞላዋል» ማለት ሳይንሱ ከሚፈቅደው በላይ መናገር ነው። በ2022 የታተመ ሰፊ ቅኝትም ለዚህ ቀላል ማብራሪያ ጽኑ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። የመድኃኒቱ ጥቅም የተመሠከረው በሰዎች ላይ በተደረጉ የተቆጣጠሩ ጥናቶች ነው፤ የአሠራሩ ማብራሪያ ቢለወጥ ያ ምስክርነት አይፈርስም። ኩን ስለ አጓጓዥ ፕሮቲን ምንም ሳያውቅ ታማሚው መሻሉን አይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣውና ኢትዮጵያም ከተቀበሉት አገሮች አንዷ የሆነችበት የአእምሮ ጤና መመሪያ ለአጠቃላይ ጤና ባለሙያ ካቀረባቸው የድባቴ መድኃኒቶች ዋነኞቹ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው። ሁለቱም ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር መቀጠል ይመከራል። ይህ ያልተነገረው ታማሚ በሁለተኛው ሳምንት ኪኒኑን ጥሎ ይሄዳል። «መድኃኒቱ ሥራውን የሚጀምረው ዛሬ ነው፤ አንጎልህ ግን ራሱን ለማደስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳታቋርጥ ተመልሰህ እንያይ» ብሎ ማስረዳት ከታሪኩም ከሳይንሱም ጋር የሚስማማ ንግግር ነው። ለሳምንታት መድኃኒት ተሰጥቷት ከመሸሽ የተመለሰችው አይጥ ያስተማረችው ይህንኑ ነው።

ድባቴ የእምነት መጉደል ወይም የስንፍና ምልክት ነው ለሚለው አመለካከትም ከዚህ ታሪክ በቂ መልስ ይገኛል። መናገርና ማስመሰል በማትችል ፍጡር እንኳ መከራ በአንጎል ላይ የሚለካ አሻራ ጥሎ ያልፋል። ነገር ግን አይጧ ልትሰጥ የማትችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የታማሚው ቃል ነው። ኀዘኑ መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንደሞተበት፣ ሞትን ያስብ እንደሆነ ሊናገር የሚችለው ሰው ብቻ ነው። የበሽታው መደበቅ የሚያበቃው ታማሚው ሲናገር ነው፤ ታማሚውም የሚናገረው ጊዜ ሰጥቶ የሚጠይቀውና የሚያዳምጠው ባለሙያ ሲያገኝ ነው።